አዴንደም፦ ኋላ የሚመጣው ጭማሪ

አዴንደም እንግሊዝኛ ከላቲን የወሰደው ቃል ነው። «ሊጨመር የሚገባው» ማለት ነው። ሲበዛ አዴንዳ ይሆናል፤ «አዴንደምስ» የሚሉም አሉ። ዘመዶቹን እኛም በየቀኑ እንጠራቸዋለን። አጀንዳ «ሊሠሩ የሚገባቸው» ነው፤ ሜሞራንደም ደግሞ «ሊታወስ የሚገባው»። በአማርኛ ከሁሉም የሚቀርበው «ተጨማሪ» ይመስለኛል። «ተከፋይ ሂሳብ» ስንልም ሊከፈል የሚገባውን ማለታችን ነውና።

ቃሉ በብዛት የሚገኘው ውል ላይ ነው። ሁለት ሰዎች የኪራይ ውል ከተፈራረሙ በኋላ ስለ መኪና ማቆሚያ ምንም እንዳልተጻፈ ትዝ ይላቸዋል እንበል። ውሉን ቀደው እንደ አዲስ መጀመር የለባቸውም። አንድ ገጽ አዴንደም ይበቃቸዋል። የትኛውን ውል እንደሚመለከትና ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና ይጻፍበታል፤ ሁለቱም ይፈርሙበታል። ፊርማውን ቀላል ነገር አድርጎ ማየት አይገባም። አንዱ ወገን ብቻውን የለጠፈው ወረቀት ሌላውን አያስርም።

ማሻሻያ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሻሻያ የነበረውን አንቀጽ ይለውጣል፤ አዴንደም የነበረውን እንዳለ ትቶ ይጨምራል። በሥራ ላይ ሁለቱ ሲደባለቁ ይታያል። ስለዚህ ርዕሱን አይቶ ከመፈረም በፊት ውስጡን ማንበብ ነው። ጨረታ ላይም ቃሉ አለ፤ ሰነዱ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ጭማሪ ለሁሉም ተጫራቾች እኩል መድረስ አለበት።

እኔን በጣም ደስ የሚለኝ አጠቃቀሙ በሕክምና መዝገብ ላይ ያለው ነው። የራጅ ሐኪም ሪፖርቱን ፈርሞ ካወጣ በኋላ ያላስተዋለው ነገር ቢታየው የቀደመውን አይሰርዝም። ቀንና ሰዓት ያለው አዴንደም ከሥር ይጨምራል። ቀጥሎ ታማሚውን የሚያየው ሐኪም መጀመሪያ ምን እንደተባለ፣ ኋላ ምን እንደተገኘ ለይቶ ያውቃል። ስህተትን ሳይደብቁ ለማረም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

መጽሐፍ ላይ ከአባሪ ጋር ይምታታል። አባሪው ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ታስቦ የሚወጣ ነው። አዴንደም ግን ጽሑፉ ካለቀ በኋላ የሚደርስ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከእርማት ዝርዝር ጎን ይቀመጣል። አባሪ በእንግሊዝኛ አፔንዲክስ ይባላል፤ መነሻው «ማንጠልጠል» ነው። ትርፍ አንጀትም በዚሁ ስም ይጠራል።

መካኒኮች ዘንድ ደግሞ ቃሉ ከወረቀት ይወጣል። ሁለት ማርሾች ሲገጥሙ በየጥርሶቻቸው መካከል የሚያልፍ በሐሳብ የሚሰመር ክብ አለ። ከዚህ ክብ እስከ ጥርሱ ጫፍ ያለው ቁመት አዴንደም ነው። ከክቡ ወደ ውስጥ ያለው ጥልቀት ዴዴንደም ይባላል። በተለመደው አሠራር አዴንደሙ ከማርሹ ሞጁል፣ ማለትም የጥርሱን መጠን ከሚወስነው ልኬት፣ ጋር እኩል ነው፤ ዴዴንደሙ የሞጁሉ 1.25 እጥፍ ነው። ሞጁሉ 2 ሚሊሜትር ቢሆን ጥርሱ 2 ሚሊሜትር ይወጣል፤ የሚገባበት ቦታ ግን 2.5 ሚሊሜትር ይጠልቃል። የጥርሱ ጫፍ ከሌላው ማርሽ ሥር ጋር እንዳይፋጭ የምታደርገው ያቺ ግማሽ ሚሊሜትር ናት።