ማድሩጋዳ ምንድን ነው?

ስፓኒሽ ጀማሪ ቀኑን በሦስት ቃል ይቆርጠዋል። ማኛና ጠዋት፣ ታርዴ ከሰዓት በኋላ፣ ኖቼ ማታ። (ማኛና ነገም ማለት ነው። አይግረማችሁ፤ የእኛም ነገ ከነጋ ጋር ዘመድ ነው።) ከዚያ ጨረስኩ ይላል። አራተኛዋ ቃል ግን ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ትመጣለች፤ ማድሩጋዳ።

ማድሩጋዳ ከእኩለ ሌሊት ጎህ እስኪቀድ ያለው ጊዜ ነው። «ላስ ትሬስ ዴ ላ ማድሩጋዳ» ቢሏችሁ ትሬስ ሦስት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት። «ላስ ትሬስ ዴ ላ ማኛና» የሚልም ሞልቷል፤ ያው ሰዓት ነው።

ቃሉ የወጣው ማድሩጋር ከሚለው ግስ ነው፤ ማልዶ መነሳት። «አል ኬ ማድሩጋ፣ ዲዮስ ሎ አዩዳ» ይላሉ፤ ማልዶ የተነሳን እግዜር ያግዘዋል እንደማለት። ታዲያ ግሱ ማለደ ከሆነ ስሙ ማለዳ ነዋ? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የእኛ ማለዳ ወገግ ያለ ነው፤ ወፍ ተንጫጭቷል፣ ሰው ደጅ ወጥቷል። ማድሩጋዳ ውስጥ ግን አብዛኛው ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ነው። ውድቅት ይቀርበዋል፤ እኔ ግን አጥቢያን እመርጣለሁ።

ለምን? «ላ ማድሩጋዳ ዴል ቢዬርኔስ» ቃል በቃል የዓርብ ማድሩጋዳ ነው። እኛ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ የምንለው ማለት ነው። ሌሊቱ የሚቆጠረው ለሚነጋው ቀን ነው። ማድሪድ ውስጥ የአውቶቡስ ትኬታችሁ ላይ «ቢዬርኔስ 01:30» ተጽፎ ዓርብ እራት በልታችሁ ሻንጣ እየጎተታችሁ ብትሄዱ፣ አውቶቡሱ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። መውጣት የነበረባችሁ ሐሙስ ማታ ነበር።

ይህ ሌሊት በደቡብ ስፔኗ ሴቪያ የራሱ በዓል አለው። ከጸሎተ ሐሙስ ለስቅለት አጥቢያ 6 የሃይማኖት ማኅበራት የኢየሱስንና የማርያምን ሐውልቶች ተሸክመው በከተማው ይዞራሉ፤ ከማኅበራቱ ማካሬናና የትሪያና ሰፈሯ ኤስፔራንሳ በጣም የታወቁት ናቸው። መንገዱ በሰው ጢም ይላል፣ የሚተኛ የለም። ሌሊቱን «ላ ማድሩጋ» ይሉታል፤ አንዳሉሲያዎች የመጨረሻዋን «ዳ» ይውጧታል። አንዳንዶቹ ማኅበራት ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚገቡት ፀሐይ ከወጣች ከስንት ሰዓት በኋላ ነው። ማኛና ከሆነ ቆይቷል፤ ስሙ ግን ያው ላ ማድሩጋ ነው።