ሉዚንግ ሲዝን ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሲያወራ፣ ሉዚንግ ሲዝን ያሳለፈ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሲደበደብ የከረመ ደካማ ቡድን ነው አለ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሉዚንግ ሲዝን ማለት ዓመቱ ሲዘጋ ሽንፈት ከድል በቁጥር በለጠ ማለት ነው። በቃ። ስለ አቅም ምንም አይልም። 6 አሸንፎ 6 የተሸነፈ ቡድን ለቦውል ጨዋታ፣ ማለትም መደበኛው የውድድር ዓመት ሲያልቅ ለሚደረገው ተጨማሪ ጨዋታ፣ ይበቃል። እዚያ ሄዶ ከተሸነፈ ግን 7 ሽንፈት ሆነበት። እሱም ሉዚንግ ሲዝን ነው።

የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲን ቡድን እንውሰድ። በ2021 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ተንታኙ ይህን ቢያይ «ድራሹ ጠፋ» ይል ነበር። ውጤቶቹን እንያቸው እስቲ። በኢሊኖይ 30 ለ 22። በኦክላሆማ 23 ለ 16። በሚሺጋን ስቴት፣ ያውም በተጨማሪ ሰዓት፣ 23 ለ 20። በሚሺጋን 32 ለ 29። በአንድ ጨዋታ የሰፋው ሽንፈት በኦሃዮ ስቴት 26 ለ 17 ነው። 9 ነጥብ! የቀሩት 8ቱ ሽንፈቶች በሙሉ 8 ነጥብ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። በዓመቱ 335 ነጥብ አስቆጥሮ 272 ተቆጠረበት። በእኛ እግር ኳስ ቋንቋ የግብ ክፍያው ፕላስ 63 ነው። ይህ ሲደበደብ የከረመ ቡድን ነው?

አንዲት ባለሱቅ አስቡ። 12 ቀን ሠራች። 3 ቀን በደንብ አተረፈች፣ 9 ቀን ትንሽ ትንሽ ከሰረች። ደብተሯን ስትደምር ትርፍ ላይ ናት። ፉትቦል ግን ደብተሩን በየማታው ይዘጋል። የዛሬ ትርፍ ለነገ አይሻገርም። ኔብራስካ ኖርዝዌስተርንን 56 ለ 7 ባሸነፈ በሳምንቱ ሚሺጋን ሲመጣ የጀመረው ከዜሮ ነው።

እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም። ፕላስ 63ቱንም በጭፍን አትመኑት። ሦስቱ ድሎች ብቻቸውን 119 ነጥብ ልዩነት አምጥተዋል። አንደኛው ከዝቅተኛው ዲቪዚዮን በመጣው ፎርድሃም ላይ 52 ለ 7 የተገኘ ነው። ባለሱቋ በዚያ ቀን ያተረፈችው ዋጋ ከማይከራከር ደንበኛ ነው። ደግሞም 12 ጨዋታ በጣም ትንሽ ናሙና ነው።

«ታዲያ ዕድል ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ይገለበጣል» የሚሉም አሉ። ጠባብ ጨዋታዎች በጊዜ ብዛት ወደ እኩል ይጠጋሉ፣ ልክ ነው። ግን ባለሱቋ ዕድለ ቢስ ሳትሆን ሚዛኗ ተበላሽቶ ቢሆንስ? የኔብራስካ ጉድለት ደጋግሞ የታየው ኳስ በሚመታበት ቅጽበት ነው። በኢሊኖይ ጨዋታ ፐንት (ኳሷን ለተጋጣሚ ለማስረከብ አርቆ የሚመታ ምት) የተቀበለው የኔብራስካ ተጫዋች በራሱ የጎል መስመር ላይ ተጨናንቆ 2 ነጥብ ሰጠ። በሚሺጋን ስቴት ጨዋታ በአራተኛው ሩብ የኔብራስካን ፐንት ተጋጣሚው ይዞ ሮጦ ተችዳውን (6 ነጥብ የሚያስገኝ ጎል) አደረገውና ውጤቱ አቻ ሆነ። አዮዋን ደግሞ በሜዳው 21 ለ 6 እየመራ ነበር። ፐንቱ ታገደ፣ አዮዋዎች ኳሷን አንስተው ተችዳውን አገቡ፣ ጨዋታው 28 ለ 21 ተገለበጠ። እጅ ላይ የገባ ጨዋታ ነበር። ያሳዝናል።

ይኸው ጉድለት በሚቀጥለው ዓመትም አልቀረም። የኔብራስካ የ2022ቱ የመጀመሪያ ጨዋታ አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ ነበር። ተጋጣሚው ያው በ2021 56 ለ 7 የተረታው ኖርዝዌስተርን። ኔብራስካ 28 ለ 17 እየመራ ሳለ አሰልጣኙ ስኮት ፍሮስት ኳሷ በአጭሩ ተመትታ ራሳቸው መልሰው እንዲይዟት አዘዘ። ኖርዝዌስተርን ያዛት። ኔብራስካ 31 ለ 28 ተሸነፈ።