ድሪቶው የሚበላሸው ካውያ ላይ ነው

ድሪቶ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ችግርና ማጣት ነው። እኔ ቃሉን እወደዋለሁ። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ መስፋትን ከ«መደረት» የተሻለ የሚገልጽ ቃል የለንም።

እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ቤቴ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴቶች እንሰበሰባለን። ከልብስ ሰፊዎች በፌስታል ያመጣነውን ቁርጥራጭ በልክ ቆርጠን ገጣጥመን፣ ጥጥና ገበር ጨምረን የአልጋ ልብስ እናደርገዋለን። ከሚመጡት ውስጥ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በስፌት መኪና ላይ የሠሩ አሉ። እጃቸው ፈጣን ነው፣ ስፌታቸውም ቀጥ ያለ። ሆኖም የመጀመሪያ ሥራቸውን አልጋ ላይ ሲዘረጉት ማዕዘኖቹ አይገጥሙም፤ መሀሉ ያብጣል፣ ዳሩ ይወዛወዛል። ሁሉም መኪናውን ይጠረጥራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ግን ካውያው ላይ ነው፤ ከቤት፣ ከፋብሪካና ከልብስ ሰፊ ቤት ይዘናቸው በመጣናቸው እምነቶች ላይ። አንድ በአንድ ልያቸው።

«ካውያ የሚገባው ሥራው ሲያልቅ ነው»

ይህ ከልብስ አጠባ የመጣ ልማድ ነው፤ ልብስ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ይተኮሳል። ድሪቶ ላይ ካውያው የስፌቱ አካል ነው። ሁለት ቁራጭ በተሰፋ ቁጥር፣ ሌላ ስፌት ሳያቋርጠው መተኮስ አለበት።

በቁጥር ላሳይ። ጎናቸው 10 ሳንቲም የሆነ 12 ቁራጮች በአንድ ረድፍ ተሰፉ እንበል። ከክሩ ወደ ውጭ የሚቀረው ጠርዝ፣ እኛ ትርፍ የምንለው፣ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በዓለም የተለመደው ሩብ ኢንች ከዚህ እምብዛም አይርቅም። 11 ስፌት አለ፤ እያንዳንዱ ከሁለቱ ቁራጮች ትርፍ በድምሩ 12 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፤ ስለዚህ ረድፉ 106.8 ሳንቲም ይወጣዋል። አሁን በየስፌቱ ላይ ጨርቁ በደንብ ሳይዘረጋ 1 ሚሊ ሜትር እጥፋት ተደበቀ። ረድፉ 105.7 ሆነ። ከጎኑ ያለው ረድፍ በትክክል ከተተኮሰ ሁለቱ ከ1 ሳንቲም በላይ ተለያዩ ማለት ነው። ሰፊዋ ምን ታደርጋለች? አንዱን ትስባለች፣ ሌላውን ትሰበስባለች፤ እንደምንም ታገናኛቸዋለች። እብጠቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሌላ ስፌት አንዴ ካለፈበት በኋላ የተደበቀውን እጥፋት የትኛውም ካውያ አያወጣውም፤ መፍታት ብቻ ነው።

«መተኮስ ማለት ካውያውን ወዲያ ወዲህ መግፋት ነው»

ለሸሚዝ ልክ ነው፤ ለድሪቶ ትልቁ ጥፋት ይኼ ነው። ንጹህ የጥጥ መሐረብ ያዙና በድሩ አቅጣጫ ሳቡት፤ ምንም አይልም። በማጉ አቅጣጫ ጥቂት ይሰጣል። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ሳቡት። እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ስትለቁትም ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። አንድን አራት ማዕዘን ለሁለት ሰንጥቀን ሦስት ማዕዘን ስናወጣ ረጅሙ ጎን ያረፈው በዚያ ሰያፍ ላይ ነው። የጋለ ካውያ ሲገፋበት ጨርቁን በእጅ ከመሳብ አይተናነስም።

አንዲት ልጅ ሦስት ማዕዘኖችን እያገጣጠመች ስትሠራ ቆይታ፣ «እትዬ፣ በማስመሪያ ነው የቆረጥኩት፤ ለምን ጠመመ?» አለችኝ። ሁለት ጥንድ አዲስ አሰፋኋት። አንዱን እንደለመደችው እየገፋች፣ ሌላውን እየጫነች ተኮሰች። ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ አስቀመጥናቸው። የተጫነው አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። የተገፋው ሁለት ማዕዘኑ እንደ ጆሮ ወጥቶ ወደ ትራፔዚየም አዘንብሏል። ከዚያ በኋላ ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ ጨርቆች እንደተሰፉ፣ ሳይገለጡ፣ ካውያውን ክሩ ላይ አሳርፎ ሦስት አራት ሰከንድ መጫን። በዚህ ጊዜ ክሩ ጨርቁ ውስጥ ይቀመጣል፣ መኪናው የፈጠረው ሽብሽብ ይጠፋል። ይህን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ በእኔ ዓይን ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርሱ ነው። ከዚያ ጨርቁ ትንሽ ሲቀዘቅዝ በፊቱ በኩል ገልጦ፣ በጣት ወደ ኋላ መልሶ፣ የካውያውን ጫፍ መስመሩ ላይ ማሳረፍ። መጫን፣ ማንሳት፣ ቀጥሎ ማሳረፍ። የሚተኮሰው በፊቱ በኩል እንዲሆን የምወተውተው የተደበቀ እጥፋት የሚታየው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።

«ትርፉ ሁልጊዜ ወደ ጠቆረው ጨርቅ ይተኛል»

መሠረት አለው። ነጭ አቡጀዲ ሥር ቀይ ትርፍ ቢተኛ ጥላው ከላይ ይታያል። ነገር ግን ሕግ አይደለም፤ ከእርሱ የሚቀድም ጉዳይ አለ፣ እርሱም የሁለት ረድፎች ስፌት የሚጋጠምበት መገናኛው ነው። የአንደኛው ረድፍ ትርፍ በሙሉ ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛው በሙሉ ወደ ግራ ቢተኛ፣ ሁለቱ ረድፎች ፊት ለፊት ሲገጠሙ የአንዱ ጉብታ ከሌላው ጉብታ ጎን ይቀመጣል። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዛችሁ ብታሹት ቦታው ላይ ገብቶ ሲቆም ይሰማችኋል። እዚያ ላይ ስፒል እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ከተኙ ግን መገናኛው ላይ ትርፍ በትርፍ ላይ ይደራረባል፤ መርፌው ጉብታው ላይ ሲደርስ ይንሸራተታል፣ ማዕዘኑም ይስታል።

ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ በሚሄድ የዳማ ንድፍ ላይ «ወደ ጠቆረው» የሚለው ምክር በራሱ ይህን ያደርጋል፤ ረድፎቹ ተቃራኒ አቅጣጫ ይይዛሉ። ምክሩ ዝና ያገኘው በዚህም ይመስለኛል። የእኛ ቁርጥራጭ ግን አበባው፣ መስመሩ፣ ደማቁና ፈዛዛው የተቀላቀለበት ነው፤ እዚያ ላይ አቅጣጫውን በየረድፉ ቀድሞ መወሰን ይሻላል። ጥቁሩ ትርፍ የግድ ነጩ ሥር መተኛት ካለበትም መላ አለው፦ ጥቁሩን ትርፍ ከነጩ ትርፍ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር አሳጥሮ መከርከም። ነጩ ይሸፍነዋል።

አራት ቁራጮች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ደግሞ ትርፉን በዙር፣ እንደ መዘውር ማስተኛት ይቻላል። ትርፉ ውስጥ ያሉትን ሁለት ሦስት የስፌት ነጥቦች መፍታት ይጠይቃል። መሀሉ ላይ በጀርባ በኩል ትንሽዬ ባለ አራት ቁራጭ ካሬ ትወጣለች፤ እብጠቱም ይከፋፈላል።

«ልብስ ሰፊ ትርፉን ለሁለት ገልጦ ነው የሚተኩሰው፤ እኛም እንደዚያው»

ልብስ ላይ የሚተወው ትርፍ ብዙ ጊዜ 1 ሳንቲምና ከዚያ በላይ ስለሆነ ለሁለት ተገልጦ በደንብ ይተኛል። የእኛ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲገለጥ ጣትም ይፈጃል። ከዚህ በተቃራኒ «ገልጦ መተኮስ ስፌቱን ያላላል» የሚሉም አሉ። ይህ በእጅ ይሰፋ ለነበረው እውነት ነው፤ ነጠላ ክር ትርፉ ሲገለጥ ብቻውን ይጋለጣል። መኪና ግን የላይና የታች ክር ያቆላልፋል፤ ስፌቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ካጠረ በቂ ጥንካሬ አለው።

እኔ ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ኮከብ ስሠራ፣ ስምንት ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኝ፣ እገልጠዋለሁ፤ አለበለዚያ መሀሉ እንደ ጠጠር ይሆናል። በኋላ ሦስቱን ንብርብር የሚያያይዘው ስፌት በመገጣጠሚያው መስመር ላይ የሚሄድ ከሆነ ግን አልገልጥም። የተገለጠ ስፌት መስመሩ ላይ ከክሩ በቀር ጨርቅ የለውም፤ መርፌው ክሩን ሊበጥስ ይችላል፣ ጥጡም በዚያ በኩል ብቅ ማለት ይጀምራል።

«እንፋሎት በበዛ ቁጥር ይሳካል»

እርጥበት የጥጥን ክር ያለሰልሳል። ለግትር እጥፋት መድኃኒት ነው፤ ለሰያፍ ጠርዝ ግን አደጋ፣ ምክንያቱም የለሰለሰ ጨርቅ በቀላሉ ይለጠጣል። ያልታጠበ አቡጀዲ ደግሞ በእንፋሎት ይኮማተራል። የታጠበና ያልታጠበ ቁራጭ ጎን ለጎን ከተሰፋ አንዱ ሲያጥር ሌላው ይሸበሸባል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ሁሉንም ማጠብ፤ ቀለም የሚለቀውም ያኔ ይታወቃል፣ በተለይ ቀዩ።

«ካውያው በጋለ ቁጥር ትርፉ በደንብ ይተኛል»

ካውያ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ትርጉም አላቸው፦ አንድ ነጥብ እስከ 110፣ ሁለት እስከ 150፣ ሦስት እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ። ጥጥ ሦስቱን ይችላል። ፖሊስተር ግን አይችልም፤ ይጨማደዳል፣ ያብለጨልጫል፣ አንዳንዴም ካውያው ላይ ይጣበቃል። የፌስታሉ ቁርጥራጭ ምልክት የለውም። ከዳሩ ጥቂት ክር መዝዞ በብረት ሰሃን ላይ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። የከሰል ካውያ የምትጠቀሙ ከሆነ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ነገር ስለሌለው ሁልጊዜ በተረፈ ጨርቅ ላይ ሞክሩት፤ አመዱንም ከነጩ አርቁ።

የምትተኩሱበት ነገር ስፖንጅ ፍራሽ አይሁን። ስፌቱ ይሰምጣል፣ ይጎብጣል። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ በላዩ አቡጀዲ፤ ይበቃል።

«መብራት ከሄደ ሥራ ቆመ»

አይቆምም። ቀጥ ባለ ጠርዝ ላይ ትርፉን በጥፍር ወይም በእንጨት ማንኪያ ጀርባ መስመሩን ተከትሎ መጫን ይቻላል። ጥጥ ለዚህ ታዛዥ ነው። ሰያፉን ጠርዝ ግን አትሹት፤ እርሱ ካውያ ይጠብቅ። ቅዳሜ መብራት ሲሄድ መስኮቱ ጋ ተጠግተን ቁራጮችን በጥፍር እያስተኛን ጥንድ ጥንዱን እንደረድራለን፤ ረድፍ ከረድፍ ግን አናገናኝም። መብራት ሲመጣ ካውያው የሚያገኘው አቅጣጫውን ይዞ የተኛ ትርፍ ነው።