የሬቲና ቀዶ ሐኪም ማን ነው? እንዴትስ ይሠለጥናል?

የሬቲና ቀዶ ሐኪም የዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲውን ከጨረሰ በኋላ በዓይን የኋለኛው ክፍል ሕመሞች ላይ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ሰብ ስፔሻሊስት ነው። የሚያክመው ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ነርቭ መልእክት በመለወጥ ወደ አንጎል የሚልከውን ሬቲናንና የዓይንን ውስጥ የሚሞላውን ቪትረስ የሚባል ዝልግልግ ነገር ነው። የዓይን ሞራ የያዘው ሌንስ በሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ ሬቲና ግን የነርቭ አካል በመሆኑ ምትክ የለውም፣ የሞተው ክፍሉም መልሶ አይበቅልም። ሙያው ለብቻው እንዲቆም ያደረገው ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ዘርፉ ገና ወጣት ነው። የስዊዘርላንዱ ዡል ጎናን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ሬቲና ከቦታው የሚላቀቀው ስለሚቀደድ መሆኑን አሳይቶ ቀዳዳውን መድፈን እስኪጀምር ድረስ ሬቲናው የተላቀቀበት ዓይን እንደጠፋ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ሮበርት ማኸመር ማያሚ ውስጥ ዓይኑን በሰፊው ሳይከፍት፣ በጠባብ ቀዳዳ አስገብቶ ቪትረስን እየቆረጠ የሚመጥ መሣሪያ ሥራ ላይ አዋለ፤ መሣሪያውን መጀመሪያ የሞከረው በእንቁላል ነጩ ክፍል ላይ ነበር። ቪትሬክቶሚ የሚባለው ቀዶ ሕክምና እንዲህ ተጀመረ።

በአሜሪካ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ በተለመደው መንገድ 4 ዓመት ኮሌጅ፣ 4 ዓመት የሕክምና ትምህርት ቤት፣ 1 ዓመት ኢንተርንሺፕ፣ 3 ዓመት የዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና (ሬዚደንሲ)፣ በመጨረሻም 2 ዓመት የሬቲና ሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና (ፌሎውሺፕ) ይማራል፤ ድምሩ 14 ዓመት ነው። በፌሎውሺፑ ሠልጣኙ ከዓይኑ ጥቁር ክፍል ጠርዝ 3.5 እስከ 4 ሚሊሜትር ርቆ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ሦስት ቀዳዳዎች መሥራትን ይለማመዳል። በአንዱ ፈሳሽ ይገባል፣ በሌላው መብራት፣ በሦስተኛው መቁረጫው። ከሬቲና ላይ በማይክሮሜትር የሚለካ ስስ ሽፋን መላጥን የሚማረውም እዚህ ነው።

ይሁንና ከእጅ ቅልጥፍና ይልቅ ጊዜ የሚፈጀው ውሳኔን መማር ነው። የተላቀቀው ሬቲና ጥርት ያለ እይታ የሚሰጠውን መካከለኛ ክፍል፣ ማኩላን፣ ገና ካልነካ ታካሚው ሳይውል ሳያድር ሊታከም ይገባል፤ ማኩላው ከተላቀቀ ግን ጥቂት ቀናት መዘጋጀት ይቻላል። ሬቲናውን በቦታው ደግፎ እንዲይዝ ዓይን ውስጥ ጋዝ ይሞላ ወይስ የሲሊኮን ዘይት የሚለውም ታካሚውን በማወቅ ይወሰናል። ጋዝ የተሞላለት ሰው ጋዙ እስኪጠፋ በአውሮፕላን መሄድ አይችልም፤ ከፍታ ላይ ጋዙ ሰፍቶ የዓይኑን ግፊት አደገኛ ያደርገዋል። ደግሞም ሥራው በሚገባ ተሠርቶም ሰውነት ራሱ በሬቲናው ላይ ጠባሳ አብቅሎ እንደገና ሊያላቅቀው ስለሚችል፣ ሐኪሙ ያንኑ ዓይን ደግሞ ለመክፈት መዘጋጀት አለበት።

የዕለት ሥራው ግን አብዛኛው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ አይደለም። ራኒቢዙማብ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ የክሊኒኩን ቀን ይዞታል። በእርጅናና በስኳር በሽታ ማኩላቸው የተጎዳ ሰዎች ለዓመታት ስለሚመላለሱ ሐኪሙ ከነቤተሰባቸው ያውቃቸዋል፤ ከሙያው ውስጥ እጅግ የማከብረው ይህን ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች መካከል የዓይን ሞራንና ትራኮማን ከፊት በማስቀመጡ፣ ሥልጠናውም በእነዚህ ላይ ማተኮሩ ተገቢ ነበር። አሁን የስኳር ሕመምተኞች ሲበዙ የሬቲና ሐኪም አስፈላጊነት አብሮ ይጨምራል። ሐኪም ማሠልጠን ብቻውን ግን አይበቃም፤ የቪትሬክቶሚ ማሽን፣ ሌዘር፣ ጋዝና የሚያልቁ መሣሪያዎች አዘውትረው ካልቀረቡለት በሽታውን ለይቶ ከማወቅ አልፎ ሊያክመው አይችልም።