ሬድሸርት ምንድን ነው?

እህቴ አንድ ቅዳሜ ማታ ደወለችልኝ። ድምጿ ደህና አልነበረም። ልጇ ያን ዓመት ነው ኮሌጅ የገባው። የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቲቪ ፊት ተቀምጣ ጠበቀችው። አንዴም ሜዳ አልገባም። በኋላ ስትደውልለት "እማዬ፣ ዘንድሮ ሬድሸርት ነኝ" አላት።

"ቀይ ምናምን አለኝ። ቀይ ካርድ ሰጡት እንዴ? ምን አጥፍቶ ነው?" አለችኝ።

እኛ እግር ኳስ እያየን ያደግን ሰዎች "ቀይ" ሲባል ወዲያው የሚመጣልን እሱ ነው፤ አልፈረድኩባትም። ግን ሬድሸርት ከቅጣት ጋር ምንም አያገናኘውም። አንድ የኮሌጅ ተጫዋች ከቡድኑ ጋር እየተለማመደና ትምህርቱን እየተማረ፣ ግን በጨዋታ ሳይሰለፍ የሚያሳልፈው የውድድር ዘመን ነው። ያ ዓመት ከመጫወቻ ዓመቶቹ ላይ አይቀነስበትም። ነገሩ ይኸው ነው። ልጁንም ሬድሸርት ይሉታል፣ ዓመቱንም ሬድሸርት ይሉታል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ በከፍተኛው ዲቪዚዮን ላለ ተጫዋች ሲሠራበት የኖረ ደንብ አለው። አምስት ዓመት ይሰጠውና በእነዚያ ውስጥ አራት የውድድር ዘመን መጫወት ይችላል። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ልጁ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ ሲመዘገብ ነው። ከዚያ በኋላ ተጫወተም አልተጫወተም ይቆጥራል። ከአምስት ላይ አራት ሲቀነስ አንድ ዓመት ይተርፋል። ያቺን ትርፍ ዓመት አብዛኛው ቡድን ልጁ ገና ለጋ በሆነበት በመጀመሪያው ዓመት ላይ ይጠቀምባታል።

ለእህቴ በዕቁብ ነው ያስረዳኋት። ዕጣው መጨረሻ ላይ እንዲደርሰው የሚፈልግ ሰው አለ አይደል? ሌላው ገንዘቡን ወስዶ ሲጨርስ እሱ ገና ተስፋ አለው። ልጅሽ ዓመቱን መጨረሻ ላይ ይቀበላል አልኳት። ትንሽ ተረጋጋች።

ስሙ የመጣው ከነብራስካ ነው ይባላል። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በ1937 ዋረን አልፍሰን የሚባል የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች አሰልጣኞቹን አንድ ነገር ጠየቀ። ዘንድሮ ልለማመድ፣ ግን አታሰልፉኝ አለ። ከፊቱ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ነበሩ። ፈቀዱለት። በልምምድ ላይ ቁጥር የሌለው ቀይ ማሊያ ይለብስ ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ። ያ ትዕግሥቱም ከንቱ አልሆነም። በ1940 ከአገሪቱ ምርጦች አንዱ ተብሎ ተመረጠ፤ ቡድኑም በዚያ የውድድር ዘመን ሮዝ ቦውል የሚባለው ትልቅ ጨዋታ ላይ ደረሰ። ዛሬ ሬድሸርት የሆነ ልጅ ቀይ አይለብስም። እንዲያውም በብዙ ቡድኖች ልምምድ ላይ ለየት ያለ ቀለም የሚለብሰው ኳርተርባኩ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራውና ኳሱን የሚያቀብለው ተጫዋች፣ ነው፤ "እሱን እንዳትጥሉት" ለማለት።

ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ዋናው ምክንያት ሰውነት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ ሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት ዓመት ከሆነው ጎልማሳ ጋር ይጋጠማል። በተለይ ኳርተርባኩን የሚከላከሉት የመስመር ተጫዋቾች፣ ኳሱ በተነሳ ቁጥር የሚገፉት መቶ ሠላሳና መቶ አርባ ኪሎ ሰው ነው። አጥንቱ ያልጠነከረ ልጅ እዚያ መሀል ቢገባ ይጎዳል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ብረት ያነሳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ የቡድኑን የጨዋታ እቅድ ያጠናል። የእህቴ ልጅ ለታንክስጊቪንግ ቤት ሲመጣ የነሐሴው ሸሚዝ ደረቱ ላይ አልቆለፍ አለው። እናቱ እንጀራ ስትጨምርለት እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ሌላው ሥራቸው ብዙ ተመልካች የማያየው ነው። ስካውት ቲም ይባላል። ቡድኑ የሚመጣው ቅዳሜ የሚገጥመውን ተጋጣሚ አጨዋወት አጥንተው ለቋሚ ተሰላፊዎቹ የሚለማመዱበትን ተጋጣሚ ሆነው ይጫወታሉ። ልጁ አንድ ማክሰኞ ስደውልለት "አጎቴ፣ በዚህ ሳምንት እኔ የእነሱ ዘጠና አንድ ቁጥር ነኝ" አለኝ። የዚያን ሰው ሩጫ፣ የእጁን አጣጣል፣ በየት በኩል መግባት እንደሚወድ ቪዲዮ ላይ ሲያይ ነበር የሰነበተው። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ በበኩሌ ይህን ከማንኛውም ትምህርት አላሳንሰውም። በአንድ የውድድር ዘመን አሥራ ሁለት መደበኛ ጨዋታ አለ። ልጁ አሥራ ሁለት የተለያየ አጨዋወት በገዛ ሰውነቱ ተማረ ማለት ነው። ቅዳሜ ሲሆን ግን ነጭ ሱሪው ላይ አንዲት የሣር ምልክት ሳይኖር ሜዳው ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ከባድ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ምርጡ እሱ ነበር እኮ።

የድሮው ደንብ ጥብቅ ነበር። ልጁ አንድ ጊዜ እንኳ ሜዳ ከገባ ዓመቱ ይበላበት ነበር። አሰልጣኞችም ቋሚ ተሰላፊያቸው ሲጎዳ ይጨነቁ ነበር፤ ለሁለት ደቂቃ ብለው የልጁን አንድ ሙሉ ዓመት ያቃጥላሉ? በ2018 ይህ ተሻሻለ። በዚህ ደንብ ተጫዋቹ እስከ አራት ጨዋታ ድረስ ተሰልፎ ሬድሸርትነቱን መጠበቅ ይችላል። አምስተኛው ላይ ከገባ ዓመቱ ተቆጠረ። በኔ እምነት ለተማሪዎቹ ከወጡት ደንቦች ሁሉ ይህን የሚያህል ደግ ደንብ የለም። በጉዳት ምክንያት ዓመቱ ለተበላሸበትም ለብቻው መንገድ አለ። የውድድር ዘመኑ ሳይጋመስ ጥቂት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ከተጎዳ፣ ኮሌጁ ማስረጃ አቅርቦ ዓመቱ እንዲመለስለት ይጠይቃል። ሜዲካል ሬድሸርት የሚሉት እሱን ነው።

የአራት ጨዋታው ደንብ ግን ያልታሰበ በርም ከፍቷል። በዚያው በ2018 የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ኬሊ ብራያንት አራት ጨዋታ ከተጫወተ በኋላ ቦታውን ለትሬቨር ላውረንስ ሰጡበት። ብራያንት ወዲያው ቡድኑን ለቀቀ፤ የመጨረሻ ዓመቱን አድኖ በሚቀጥለው ዓመት ሚዙሪ ሄዶ ተጫወተ። በ2024 ደግሞ የላስ ቬጋሱ ዩኤንኤልቪ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ሦስቱንም አሸንፎ ሳለ ኳርተርባኩ ማቲው ስሉካ በክፍያ ውዝግብ ሬድሸርት እሆናለሁ ብሎ ወጣ። ብዙ ሰው ተናደደባቸው። እኔ ግን ዓመቱ የልጁ ነው ባይ ነኝ።

ይህች አንድ ዓመት ምን ልታደርግ እንደምትችል ማየት የሚፈልግ ጆ በሮውን ይመልከት። በ2015 ኦሃዮ ስቴት ገባ፣ ሬድሸርት ሆነ፣ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በ2016 እና በ2017 ተጠባባቂ ነበር። ዲግሪውን ያዘና በ2018 ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ኤልኤስዩ ተዛወረ። የዚያ ዓመት ጨዋታው ደህና ነበር እንጂ የሚያስደንቅ አልነበረም። 16 የተችዳውን ኳስ አቀበለ (ተችዳውን በዚህ ጨዋታ እንደ ጎል ያለው ነው)። በ2019 ግን 60 አቀበለ። ኤልኤስዩ አሥራ አምስት ተጫውቶ አሥራ አምስቱን አሸነፈ። በጥር 2020 ኒው ኦርሊንስ ላይ ክሌምሰንን 42 ለ 25 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በሮው ለኮሌጅ ፉትቦል ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሄይዝማንን ሽልማት ወሰደ፤ በሚያዝያም የፕሮፌሽናሉ ቡድን ሲንሲናቲ ቤንግልስ አዲስ ተጫዋቾች ሲመረጡ ከሁሉም አስቀድሞ መረጠው።

አሁን ቁጠሩት። በ2015 ጥቂት ጨዋታ አስገብተውት ቢሆን አራቱ ዓመት በ2018 ያልቅ ነበር። ያ 2019 የሚባል ዓመት አይኖርም ነበር። ከሜዳ ዳር ቆሞ ያሳለፈው ዓመት ነው ተመልሶ የመጣለት። ለእህቴ ይህን ስነግራት የያዘችው ግን ሌላውን ነው። "ዲግሪውን ይዞ ነበር አልክ? እንግዲያ አምስተኛው ዓመት ለማስተርስ ነዋ!" አለች። ልክ ናት። በአራት ዓመት የተመረቀ ልጅ አምስተኛው ላይ እየተጫወተ ማስተርስ የሚጀምርበት ጊዜ ብዙ ነው። ወላጅ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ነገርም አለ፦ ስኮላርሺፑ አምስተኛውን ዓመት ይሸፍናል ወይ? ይህ በቃል ሳይሆን በወረቀት ቢሆን ይሻላል።

ቲቪ ላይ ደግሞ ሁለት አባባል ትሰማላችሁ። "ትሩ ፍሬሽማን" የሚሉት ኮሌጅ በገባበት ዓመት የሚጫወተውን ነው። "ሬድሸርት ፍሬሽማን" ደግሞ በትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ፣ በጨዋታ ግን የመጀመሪያው የሆነ ነው። በ2012 ጆኒ ማንዜል ሄይዝማንን ያሸነፈ የመጀመሪያው ፍሬሽማን ሲባል ሬድሸርት ፍሬሽማን ነበር። በቀጣዩ ዓመት ያሸነፈው ጄሚስ ዊንስተንም እንደዚያው።

አምስቱንም ዓመት ይጫወቱ፣ ሬድሸርት የሚባል ነገር ይቅር የሚል ሐሳብም ሲነሳ ቆይቷል። ቢሆን አልጠላም። አንድ ዓመት ሙሉ ዳር መቆም ለልጅ ቀላል አይደለም።

እህቴ አሁን ማቀዝቀዣው ላይ የጨዋታውን ፕሮግራም ለጥፋለች። በጥቅምት አንድ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ለስድስት ደቂቃ ገባ፤ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ ከበበችው። በኅዳር ደግሞ አንድ። "ሁለት ቀረው፣ ከዚያ በላይ እንዳያስገቡት ንገራቸው" ትለኛለች በየቅዳሜው።