ልባችሁ እንዳይከብድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ።

እዚህ አሜሪካ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከሚማሩት ልጆች አንዷ፣ እ.ኤ.አ. በ1611 ከታተመው ከእንግሊዝኛው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ የሉቃስን ወንጌል ስታነብ ምዕራፍ 21 ቁጥር 34 ላይ ቆመችና «መምህር፣ ሰርፊቲንግ ማለት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቃሉ ከልክ አልፎ መብላትንና ከዚያ የሚመጣውን ማቅለሽለሽ የሚያመለክት ሲሆን፣ ምንጩ «ከመጠን በላይ ማድረግ» የሚል የቀድሞ ፈረንሳይኛ ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስለ ማንኛውም የተትረፈረፈ ነገር ይናገሩበታል እንጂ ለመብል እምብዛም አይጠቀሙበትም።

ጥያቄዋ ወደ አማርኛው መለሰኝ። በ1954ቱ ትርጉም ጌታችን «ልባችሁ በመጠጥ ብዛትና በስካር ስለ ትዳርም በማሰብ እንዳይከብድ» ይላል። እኛም መጠጥ የሚለውን ስንሰማ «ይህስ እኔን አይመለከተኝም፣ ጠላም አልቀምስ» ብለን እናልፈዋለን። የግሪኩ ቃል ግን ክሬፓሌ ነው፤ ከጠገቡና ከጠጡ በኋላ የሚመጣውን የራስ ዞረትና ክብደት ይናገራል። ትዳር የተባለውም ኑሮን ነው እንጂ ጋብቻን ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ከማዕዱ የተቆጠበውም ሰው በኑሮ አሳብ በኩል ያው ተግሣጽ ያገኘዋል።

ወገኖቼ፣ ጌታ የከበደውን ሆድ ትቶ ስለ ልብ መናገሩን አስተውሉ። በደብረ ዘይት እሑድ፣ በጾሙ እኩሌታ፣ ስለ ዳግም ምጽአቱ የምንሰማውን ትምህርት ሲፈጽም ነው ይህን ያለው፤ የሚመጣውን ሙሽራ መጠበቅ ያቃተው ልብ አንዳንድ ጊዜ በኃጢአት ሳይሆን በጥጋብ ያንቀላፋልና።

55 ቀን ጾመን በትንሣኤ ሌሊት ተልባ ቀምሰን፣ ከዚያ ዶሮውን ቆርሰን መፈሰካችን በደል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን እስከ በዓለ ኃምሣ ድረስ ረቡዕና ዓርብን እንኳ ታስፈስካለች፤ ደስታው የራሷ ነው። ታሞ መጾም ያልቻለ፣ ወይም ከሥራ ደክሞ ገብቶ የበላ ሰው በዚህ ቃል ልቡ አይሰበር። የማዝንበት ሌላ ነው። ከቤት ወደ ቤት ስንዞር፣ «በሞቴ» እየተባባልን በጠገበ አፍ ላይ ጉርሻ ስንጨምር፣ የተረፈውን ወጥ ከነድስቱ ስንደፋ፣ በዚያው ሳምንት ለማታው ጸሎት የመጣነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። «እንጀራህን ለተራበ» የሚለውን ኢሳይያስን በጾም ስናነብበው አልቅሰን ነበር፤ ታዲያ ፋሲካ ሲገባ የተራበው ሰው ወዴት ሄደ? አገር ቤት በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠው ነዳይ እኮ በፋሲካም ይርበዋል።

ልጅቱ «ታዲያ ስንት ጉርሻ ሲሆን ነው ሰርፊቲንግ የሚባለው?» አለችኝ። ቁጥር አልነገርኋትም፤ ከማዕድ ስትነሺ ቆመሽ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፣ ከከበደሽ ከልኩ አልፏል አልኋት። በማግስቱ በአንድ ወዳጄ ቤት በልቼ ስነሣ ራሴ ሞከርሁት፤ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ስደርስ ዓይኔ ወንበር ይፈልግ ነበር።