የድሬ ልጅ ማለት ማን ነው?

አባቱ ከጉራጌ፣ እናቱ ከጅግጅጋ መጥተው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያደገ ሰው የድሬ ልጅ ነው። ቀፊራ ገበያ የምትነግደው ኦሮሞም፣ አያቱ ከየመን የመጣው ባለሱቅም እንዲሁ። ስሙ በብሔር ወይም በሃይማኖት አይገኝም፤ እዚያ በማደግ ነው።

ነገሩ ከባቡሩ ይጀምራል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪውም ከበደ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ደረሰና በጣቢያው ዙሪያ ከተማ ተቆረቆረ። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ኢሳና ኦሮሞ ከብት ያሰማሩበት ነበር። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ዓረቡ፣ ሐረሪው፣ ከመሃል አገር የወረደው አማራና ጉራጌ ሁሉ የመጣው ሥራና ንግድ ፍለጋ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ጎዳናው ቀጥ ያለው ከዚራ፣ ወዲያ ደግሞ መጋላ አደገ።

ሃይማኖቱም አብሮ መጣ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአስተዳደሩ ነዋሪ 71 ከመቶ ያህሉ ሙስሊም፣ 26 ከመቶ ግድም ኦርቶዶክስ ነበር። ኑሮውን ማየት የፈለገ ግን ሰርግ ቤት ይግባ። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ አይቀላቀልም። ስለዚህ ክርስቲያኑ ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ ያሳርዳል። ድስቱም ሳህኑም ይለያል፤ ወጡን የሚሠሩትም ራሳቸው ሙስሊም ጎረቤቶቹ ናቸው። ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያስባል። መቻቻል ሲባል ልዩነቱ የጠፋ የሚመስላቸው አሉ። እኔ እንደማየው ልዩነቱን ሁሉም አጥርቶ ስለሚያውቀው ነው አንድ ድንኳን ውስጥ የሚበላው።

የድሬን ልጅ ንግግሩም ያስታውቃል። በአማርኛ ጀምሮ ኦሮምኛና ሶማልኛ ጣል ያደርጋል፤ «ወርያ!» ብሎ ይጠራሃል። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ማለት ይቀናዋል። የመሃል አገር እንግዳ መጀመሪያ ቅር ይለዋል፣ ከርሞ እሱም ይለምደዋል።

ሁሉም ግን ፍቅር ብቻ አይደለም። ሰፈር ከሰፈር ድንጋይ የተወራወረበት ጊዜም አለ። የከተማው ሥልጣንም ቢሆን ለዓመታት የተደለደለው በሌላ ሒሳብ ነው፦ 40-40-20። አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሃያው ለሌላው። ታዲያ አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ ሶማሌ፣ ሚስቱ አማራ የሆነችው ሰው በየትኛው ይቆጠር? ሰፈር ውስጥ ይህን የሚጠይቀው የለም። ሹመት ሲደለደል ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።